ቁልቁለት የሚወደው ጃርት

ስለ ሶኒክ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ፈጣን ነው። ሰማያዊ ጃርት ነው፣ ቀይ ጫማ ያደርጋል፣ ይሮጣል፣ አለቀ። ጌም በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሶኒክ ስትለው እጁን ሽው አድርጎ ያሳይሃል። (ጃርት ስል በነገራችን ላይ ድንች እየቆፈረ ገበሬ የሚያስለቅሰውን ትልቁን ማለቴ አይደለም። ትንሽዬውን፣ ሲፈራ ጥቅልል የሚለውን ነው።)

እኔን ግን ይሄ «ፈጣን» የሚለው ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። በ1991 የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም ዛሬ ከፍተህ ጀምረው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ቀኝ ቀስቱን ተጫንና ያዝ። ሰውዬው አይነሳም! መጀመሪያ ይራመዳል፣ ከዚያ ሶምሶማ ነገር ይላል፣ እግሮቹ ተምታተው ቀይ ክብ የሚመስሉበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለት ሰከንድ ስታነበው ምንም ነው። ጌም ውስጥ ግን ለመሞት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ቁጥሩን ለፈለገ ቁጥሩ አለ። የሶኒክ ወዳጆች ሥራ ፈቶች ናቸው፤ በጥሩ ጎኑ ማለቴ ነው። የካሴቱን ኮድ ፈታተው መስመር በመስመር አንብበውታል። ሶኒክ ሜዳ ላይ በእግሩ ሮጦ የሚደርስበት ጣሪያ በአንድ ፍሬም 6 ፒክስል ነው (ፍሬም ስክሪኑ በየቅጽበቱ የሚያሳየው አንድ ሥዕል ነው፣ ፒክስል ደግሞ ሥዕሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ)። ስክሪኑ ደግሞ በሰከንድ 60 ፍሬም ያሳያል። በየፍሬሙ ፍጥነቱ ላይ የሚጨመርለት ግን 0.046875 ፒክስል ብቻ ነው። አስላው፤ ጣሪያው ላይ ለመድረስ 128 ፍሬም ይፈልጋል፣ ከሁለት ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ለመቆምስ? እየሮጠ ሳለ የግራውን ቀስት ብትጫንበት በየፍሬሙ 0.5 ይቀነስበታል፤ በ12 ፍሬም ቀጥ ይላል። የሰከንድ አንድ አምስተኛ። ለፍተህ ያመጣኸው ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ሄደ።

ታዲያ ያ ሁሉ ሽው የሚያሰኘው ፍጥነት ከየት መጣ?

ከመሬቱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኩሽኔታ ሠርቶ ቁልቁለት ላይ የለቀቀ ልጅ ይሄን ማንም አያስረዳውም። ሞተር የለህም። ያለህ መንገዱ ነው። ዳገቱን ገፍተህ ትወጣለህ፣ ጫፉ ላይ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ያንተ አይደለም። ሶኒክም እንደዚያው ነው። ግሪን ሂል የሚባለው የመጀመሪያው ቦታ ዘንባባው፣ ፏፏቴው፣ ቡኒ ዳማ ዳማ የሆነው አፈር ሁሉ ዓይን ይስባል፣ ግን ሥዕሉን ትተህ የመሬቱን ቅርጽ ብቻ ብታየው ሙሉውን ወጣ ገባ ነው። ሜዳ የሚባል ነገር ብዙ የለም። ያ በአጋጣሚ አይደለም።

እየሮጠ ሳለ ታች ቀስቱን ከተጫንክ ሶኒክ ተጠቅልሎ መንከባለል ይጀምራል። ሲንከባለል እግር የለውም። ወደፊት ብትጫን አይሰማህም፤ የሚገፋው ተዳፋቱ ብቻ ነው። እና እዚህ ጋ ሠሪዎቹ ደስ የሚል ማጭበርበር አድርገዋል። ተጠቅልሎ ቁልቁል ሲወርድ የሚስበው ጉልበት 0.3125 ነው። ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ግን 0.078125። አራት እጥፍ ልዩነት! በተፈጥሮ ሕግ ቢሆን ቁልቁለቱ የሰጠህን ዳገቱ ቆጥሮ ይቀበልሃል። እዚህ ዳገቱ የሚወስደው ሩቡን ነው። ስለዚህ ከኮረብታ ኮረብታ እየተንከባለልክ ስትሄድ ጉልበት እየተረፈህ ትሄዳለህ። ኒውተን ቢያየው ይቆጣ ነበር። ተጫዋቹ ቁጥሩን አያውቀውም፣ ጣቱ ግን ያውቀዋል።

እኔ ሶኒክን ያየሁት ያጎቴ ልጅ ቤት ነው። አባቱ ከዱባይ ሴጋ አምጥቶለት ነበር። ሰፈር ውስጥ ሌላው ልጅ ሁሉ ያለው ካሴቱ ላይ ስንትና ስንት ጌም ተብሎ ተጽፎበት ስትከፍተው ያው አሥራ ምናምኑ ስሙን እየቀያየረ የሚመጣው ቲቪ ጌም ነው፤ ስለዚህ ሴጋ ያለው ልጅ ንጉሥ ነበር። ከእኔ ከፍ ይላል። ተራ ሲሰጠኝ ሄዶ አይቀመጥም፣ ከኋላዬ ይቆምና ቁልቁለት ላይ በደረስኩ ቁጥር ይጮሃል። «እጅህን አንሳ!» እኔ ደግሞ ቀኙን ሙጭጭ አድርጌ ይዣለሁ፣ አውራ ጣቴ ነጭ እስኪሆን። «ልቀቀው ስልህ! ራሱ ይሄዳል!» አንዳንዴ ትዕግሥቱ አልቆ ከላይ እጁን ሰዶ ጣቴን ከበተኑ ላይ ያነሳው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ እነዚያ ኮድ የፈቱ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። በመጀመሪያው ሶኒክ ውስጥ ቁልቁለቱ ከ6 ፒክስል በላይ ካደረሰህ በኋላ በእግርህ እየሮጥክ ቀኙን ተጭነህ ከያዝክ፣ ጌሙ ፍጥነትህን ወደ 6 ይመልሰዋል። እንዲሁ ነው የተጻፈው፤ «ቀኝ ተጭኗል? ከጣሪያው አልፏል? ጣሪያው ላይ አድርገው።» ከለቀቅከው ግን የሚቀነስብህ ጥቂት በጥቂት ነው፣ መሬቱ የሰጠህን ይዘህ ትሄዳለህ። በሁለተኛው ጌም ይሄን አስተካክለውታል። ያጎቴ ልጅ ግን ኮድ የሚባል ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ትርፍ ሰዓቱ ሁሉ ግሪን ሂል ላይ ስላለቀ ብቻ ነው የደረሰበት።

ስለሠሩት ሰዎች ትንሽ ላውራ። ሦስቱ ስሞች ይታወቃሉ፤ ፕሮግራመሩ ዩጂ ናካ፣ ሰዓሊው ናኦቶ ኦሺማ፣ ሌቨሎቹን የነደፈው ሂሮካዙ ያሱሃራ። ናካ ሲናገር ነገሩ የመጣለት ከማሪዮ ነው። የ1985ቱን ሱፐር ማሪዮ ሁሌም ከመጀመሪያው ሌቨል ስለሚጀምር እሷን ሌቨል በቶሎ ለማለፍ ይሞክራል፤ እያደረ ደግሞ የሚያውቁትን መንገድ በሩጫ መጨረስ ራሱ ጨዋታ ይሆንበታል። ከሶኒክ በፊት የሠራት አንዲት ሙከራ ነበረች። በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ የምትንከባለል ኳስ፣ በቃ ይሄው ናት። ጃርት የለም፣ ቀለበት የለም። ኳስና ቱቦ። እኔ ይሄን ታሪክ ስሰማ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጃርቱ ኋላ የተሳለ ቆዳ ነው፤ የጌሙ ነፍስ ያቺ የምትንከባለለው ኳስ ናት።

ቆዳውም ቢሆን ቶሎ አልተገኘም። መጀመሪያ ጥንቸል ነበር፤ በጆሮው ዕቃ እያነሳ የሚወረውር። ግን ዕቃ ለማንሳት መቆም አለበት፣ ሲቆም ደግሞ ሩጫው ይሰበራል። ስለዚህ በሩጫው መሃል ጠላት መምታት የሚችል፣ ራሱን ጠቅልሎ መሣሪያ የሚያደርግ እንስሳ ተፈለገ። ኦሺማ ሥዕሎቹን ይዞ ኒውዮርክ ሄዶ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቅ ነበር። ጃርቱ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣው ሪዛም ወፍራም ሰውዬ ነው። እሱን አልጣሉትም፤ ክፉው ዶክተር አደረጉት። አሜሪካኖቹ ሮቦትኒክ ሲሉት ጃፓኖቹ ኤግማን አሉት። ውሻውም ሦስተኛ ወጥቷል፣ ምስኪን።

አሁን ወደ መሬቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። ሜጋ ድራይቭ (ሴጋ የምንለው ማለት ነው) ልቡ በሰከንድ 7.67 ሚሊዮን ጊዜ የምትመታ ሞቶሮላ 68000 የምትባል ቺፕ ናት። ዛሬ በኪስህ ያለው ስልክ አያናግራትም። በዚያች ጉልበት ነው ጠማማ መሬት ላይ በትክክል የሚሮጥ ነገር የሠሩት። በዚያን ዘመን አብዛኛው ጌም መሬቱ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ወይ ጠፍጣፋ ወይ ግድግዳ። ተዳፋት ካለም ጌጥ ነው፣ ክብደት የለውም።

ሶኒክ ውስጥ መሬቱ 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ጡቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ጡብ ሁለት ነገር ተጽፎለታል። አንደኛው የ16ቱም ዓምዶቹ ከፍታ። ሁለተኛው ያዘነበለበት ማዕዘን፣ ሙሉውን ክብ ለ256 ከፋፍለው። ሶኒክ ደግሞ ከእግሩ ሥር ሁለት የማይታዩ ዘንጎች አሉት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። በየፍሬሙ ዘንጎቹ ወደ መሬት ይወርዳሉ፣ የነኩትን ጡብ ከፍታ ያነባሉ፣ ከፍ ያለው ያሸንፋል፣ ሶኒክ እዚያ ላይ ይቆማል። ማዕዘኑ ተነቦ ምን ያህል እንደሚሳብ ይወሰናል። አንደኛው ዘንግ ብቻ መሬት ካገኘና ሶኒክ ጠርዙን ካለፈ ያቺ ልጅ ሆነን የምንስቅባት ነገር ትመጣለች፤ ገደል ጫፍ ላይ እጁን እያወናጨፈ ሚዛኑን ይጠብቃል። ያ ቀልድ የሁለት ዘንግ ሒሳብ ነው።

ሽቅብ ወጥቶ ተገልብጦ የሚመለሰው ክቡ መንገድ ላይ ስትወጣስ? ማዕዘኑ በጣም ሲያጋድል ጌሙ «ወለሉ» የሚለውን ነገር ያዞረዋል። ግድግዳው ወለል ይሆናል፣ ከዚያ ጣሪያው ወለል ይሆናል፣ ዘንጎቹም አብረው ይዞራሉ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ፍጥነትህ ከ2.5 በታች ከወረደ ትወድቃለህ። ሳትንደረደር ብትገባበት ግማሽ ላይ ትንሽ ተጣብቀህ ቆይተህ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። ያኔ ሰው ይናደዳል። እኔ ግን የጌሙ ምርጡ ትምህርት እሱ ይመስለኛል። ምክንያቱም ጌሙ በጽሑፍ ምንም አይነግርህም፣ መመሪያ የለም፣ የምትመለሰው ወደ ቁልቁለቱ ነው፣ ከዚያ ራቅ ብለህ ጀምረህ ተንደርድረህ ስትመጣ ያልፍልሃል።

መዝለልም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ሳይገነዘበው የሚያልፈው፣ ሶኒክ የሚዘለው ወደ ሰማይ አይደለም፤ መሬቱ ወደሚያይበት ነው። ዳገት እየወጣህ ብትዘል ወደ ኋላ ይገፋሃል፣ ቁልቁለት ላይ ብትዘል ወደፊት ይወረውርሃል። በአንዲት በተን ብቻ የሚሠራ ጌም ነው፤ ሦስቱም በተኖች ዝላይ ናቸው። ግን ያቺ አንድ ዝላይ እንደቆምክበት ቦታ አሥር ዓይነት ትሆናለች።

አንድ ሌላ ሒሳብ ላምጣ፣ ከዚያ እተዋለሁ። ስክሪኑ 320 ፒክስል ስፋት አለው፣ ሶኒክ መሃሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከፊቱ 160 ፒክስል ያህል ይታየዋል። በሙሉ ሩጫ ላይ በሰከንድ 360 ፒክስል ይሄዳል። ስለዚህ ከፊትህ የሚመጣውን እሾህ ካየኸው በኋላ ግማሽ ሰከንድ እንኳ የለህም። ቁልቁለት ከጨመርክበት ደግሞ እርሳው። ይሄ ጌም ሲፈጥን ዕውር ነህ።

በየመንገዱ የምትለቅማቸው ቀለበቶች ለዚህ ነው ያሉት ብዬ አምናለሁ። ሌሎች ጌሞች ላይ ሳንቲም ማለት ነጥብ ነው። እዚህ አንድ ቀለበት ብቻ በእጅህ ካለ አትሞትም። ትመታለህ፣ ያለህ ሁሉ ይበተናል፣ አንተ ግን ትተርፋለህ። መቶ ሰላሳም ይኑርህ አንድ፣ ጥበቃው እኩል ነው። ሲበተኑ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ከ32 አይበልጡም፣ እየነጠሩ ይሄዳሉ፣ ሁለት ሦስቱን ለቅመህ ካገኘህ ጨዋታው ይቀጥላል። ሠሪዎቹ ማየት እንደማትችል ያውቃሉ። ስላወቁም በየመንገዱ ይቅርታ በትነውልሃል። ይሄን ነገር ካስተዋልኩ በኋላ ሌሎች የዚያ ዘመን ጌሞች ጨካኝ መሰሉኝ።

መንገዶቹም እንደዚያው ናቸው። ያሱሃራ ሌቨሎቹን ሲሠራ መንገድን ከላይና ከታች ደርቦታል። ፍጥነትህን ጠብቀህ በሰዓቱ ከዘለልክ ከላይ ትሄዳለህ፤ ክፍት ነው፣ ጠላት ያንሳል፣ ስጦታው ይበዛል። ካጠፋህ ትወድቃለህ፣ ግን ገደል ውስጥ ሳይሆን ወደ ታችኛው መንገድ ነው። እዚያ እሾህና ጠባብ ቦታ፣ ቀስ ብለህ የምትሄድበት። ቅጣቱ ሞት ሳይሆን መዘግየት ነው።

ጌሙ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከግሪን ሂል ቀጥሎ ማርብል ዞን ይመጣል። በእሳተ ገሞራ ቅላጭ ላይ የምትንሳፈፍ ድንጋይ ላይ ቆመህ እስክታደርስህ ትጠብቃለህ። ትጠብቃለህ። ሶኒክም ይሰለቸዋል፤ ምንም ካልነካኸው ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ እግሩን መሬት ላይ ይመታል፣ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ነው የሚመስለው። ማርብል ላይ እኔም እግሬን እመታለሁ። ለዚህ ቦታ ጥብቅና የሚቆሙ አሉ፤ እኔ አልቆምም። ተዳፋት የሌለው ሶኒክ አሰልቺ ነው፣ ነጥቤም ይኸው ነው።

ላቢሪንዝ የሚባለው ዞን ግን ሌላ ነው። ውኃ ውስጥ ስትገባ ሩጫህ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጣሪያው 3 ይሆናል። ትንፋሽህ የሚበቃው ለግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ያቺ ሙዚቃ ትጀምራለች። የተጫወተ ሁሉ ያውቃታል፤ እየፈጠነች፣ እየፈጠነች፣ ከአምስት ወደ ታች ቁጥር እየተቆጠረ። ከወለሉ አረፋ እስክትወጣ ቆመህ መጠበቅ አለብህ፣ ትንንሾቹ አይጠቅሙም፣ ትልቋን ነው። ያጎቴ ልጅ እናት ከጓዳ ሆና «ያንን ነገር ዝጉት፣ ልቤን አፈረሳችሁት!» ትል ነበር። ሶኒክ የማይዋኘው ናካ ጃርት አይዋኝም ብሎ ስለገመተ ነው ይባላል። እውነተኛዋ ጃርት ግን ትዋኛለች፣ ጎበዝ ናት።

እና አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፤ የተጫወትኩት ሶኒክ ከመጀመሪያውም ቀርፋፋ ነበር። ቲቪያችን እንደ አውሮፓና እንደ ዱባይ ፓል የሚባለው ዓይነት ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው ሥዕሉን የሚያድሰው። የጃፓንና የአሜሪካው 60። ጌሙ ደግሞ ሁሉንም ነገር በፍሬም ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ በፓል ሴጋ ላይ ሶኒክ 17 በመቶ ገደማ ዝግ ብሎ ይሮጣል፣ ሙዚቃውም አብሮ ይጎተታል። ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር (የድሮውን መሣሪያ በሚያስመስል ፕሮግራም) የአሜሪካውን ስከፍት የግሪን ሂል ዜማ ሲጀምር የሆነ ሰው ያፋጠነው መሰለኝ። የማውቀው ዜማ ነው ግን ቸኩሏል። ሶኒክም ቸኩሏል። ልጅነቴን በሙሉ ፈጣን ነው ብዬ የጨረስኩት ጃርት የፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ተቀንሶበት ኖሯል!

እና ያኔ ማንም ቀርፋፋ ነው ብሎ አላማረረም። እንደውም ሰፈር ውስጥ ከዚያ በላይ ፈጣን ነገር አናውቅም ነበር። እንዴት? ምክንያቱም ፍጥነት የሚሰማህ ከቁጥሩ አይደለም፤ ከዝግታው ወደ ጥድፊያው ስትሸጋገር ነው። ዳገቱን እየተንፏቀቅክ ትወጣለህ፣ ጫፉ ላይ ሆድህ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ መሬቱ ከሥርህ ይሸሻል። በ50 ፍሬምም ይሄ አልጠፋም።

ስለ ድምፁ አለማንሳት ነውር ነው። ሙዚቃውን የሠራው ማሳቶ ናካሙራ ነው፤ ድሪምስ ከም ትሩ የሚባለው የጃፓን ባንድ ቤዝ ተጫዋች። የጌም ሰው አይደለም፣ የፖፕ ሰው ነው፣ ስለዚህም ይመስለኛል ዜማዎቹ ያለ ጌሙም የሚዘፈኑት። የስታር ላይት ዞኑ በተለይ፤ ማታ ነው፣ ከተማ ነው፣ ከብዙ እሾህና ውኃ በኋላ መንገዱ ተመልሶ ይከፈታል፣ ትልልቅ ክቦች አሉ፣ ዜማው ዘና ያለ ነው። እኔ እዚያ ስደርስ መጫወቴን ረስቼ መሄድ ብቻ ነው የማስበው። ሲከፈት ደግሞ ያቺ «ሴ-ጋ» የሚለው የሰው ድምፅ ብቻዋን ከካሴቱ ቦታ አንድ ስምንተኛውን ትበላለች። ሙሉው ካሴት 512 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክህ የምታነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች።

የቀለበቱ ድምፅም ጉድ አለው። አንዷን ስትለቅም በግራ ይጮሃል፣ ቀጣይዋን በቀኝ፣ ደግሞ በግራ። መደዳውን ስትጠርግ ጩኸቱ በጭንቅላትህ ውስጥ ይወዛወዛል። ያጎቴ ልጅ ቲቪ አንድ ስፒከር ነበረው፣ ስለዚህ ይሄን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሞክረው።

አንድ ሌላ ነገር። ጠላቶቹ ሮቦት ናቸው፤ ጢንዚዛው፣ ሸርጣኑ፣ ተርቡ። ስትመታቸው ፈንድተው ከውስጣቸው ጥንቸል፣ ዶሮ፣ ፔንግዊን፣ ሽኮኮ የመሰለች ይወጣና እየዘለለ ይሮጣል። ዶክተሩ እንስሳቱን አስሮ ሞተር አድርጓቸዋል። ከመሃላቸው ፍሊኪ የምትባለው ሰማያዊ ወፍ በ1984 የራሷ ጌም የነበራት ናት፤ የድሮ ጀግና እንግዳ ሆና መጥታለች። ልጅ ሆኜ ሆን ብዬ አንዱንም ሮቦት ሳላልፍ እመታ ነበር፤ ውስጡ ያለው እንዳይቀር። ለዚህ ብዬ ስንቴ ወደ ኋላ እንደተመለስኩ! ጌሙ አላዘዘኝም፣ ነጥቡም ያን ያህል አያጓጓም። ግን አንዴ ውስጡ ጥንቸል እንዳለ ካወቅክ ዝም ብለህ አታልፍም። ስለ ጀግንነት ንግግር ሳያደርግ ጌሙ ጀግና የሚያደርግህ እንዲህ ነው።

ገበያውን በአጭሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ጁን 23 ቀን 1991 ወጣ፣ የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ የነበረው ቶም ካሊንስኪ መሣሪያውን የገዛ ሰው ሶኒክን አብሮ እንዲያገኝ አደረገ፣ ጃፓን ያሉት አለቆች ነገሩ አልጣማቸውም ነበር፣ መሣሪያው ግን ተቸበቸበ፣ ተፎካካሪውን ኒንቴንዶን ላብ አላበው። ይሄን ታሪክ ሌሎች በደንብ ጽፈውታል።

እኔ የምጣላው በሌላ ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 1992 የወጣው ሶኒክ 2 ስፒን ዳሽ የምትባል ነገር ይዞ መጣ። ቆመህ ታች ቀስቱን ትይዛለህ፣ ዝላይዋን ትነካካለህ፣ ሶኒክ እዚያው ይሽከረከራል፣ ስትለቀው ይወነጨፋል። ሰው ሁሉ ይወዳታል። በ2013 ክርስቲያን ዋይትሄድና ሳይመን ቶምሊ የመጀመሪያውን ሶኒክ ለስልክ እንደ አዲስ ሲሠሩት (በጣም አሪፍ ሥራ ነው፣ ስክሪኑ ሰፍቷል፣ ከፊትህ የበለጠ ይታይሃል) ስፒን ዳሽንም ጨመሩባት። እኔ በስልክ የምጫወተው እሱን ነው። ግን ያቺን ነገር አልነካትም።

ጓደኞቼ ግግም ያልክ ሰው ነህ ይሉኛል። ይበሉ። ስፒን ዳሽ ካለህ መሬቱ አያስፈልግህም። ክቡ ሥር ቆመህ ሞተርህን አስነስተህ ትወጣለህ። ያ ወደ ኋላ መመለስ፣ ያ መንደርደር፣ ቦታውን ማወቅ፣ ሁሉም ይቀራል። ሶኒክ 2 ላይ ችግር የለብኝም፤ ሌቨሎቹ ከነስፒን ዳሹ የታሰቡ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ያለሷ ነው የተሠራው፤ ያሱሃራ እያንዳንዷን ጉብታ ያስቀመጠው እዚያ ቦታ ላይ በእግሩ ብቻ የመጣ ጃርትን እያሰበ ነው።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ደግሞ እንቁዎቹ ናቸው። ስድስት ናቸው። 50 ቀለበት ይዘህ ሌቨሉን ከጨረስክ ትልቅ ቀለበት ይመጣል፣ ዘለህ ትገባበታለህ፣ ውስጡ የሚሽከረከር እስር ቤት የመሰለ ነገር ነው። ሙሉው ዓለም ይዞራል፣ አንተ ትንከባለላለህ፣ ቁልቁለቱ ራሱ በየሰከንዱ አቅጣጫ ይቀያይራል። እዚህ ቁልቁለት ወዳጅህ አይደለም። እንቁውን ታየዋለህ፣ ትጠጋዋለህ፣ ግንቡ ዞሮ ያንሸራትትሃል፣ መውጫዋን ትነካና ወዲያው ትባረራለህ።

ስድስቱንም ሳትይዝ ጌሙን ብትጨርስ የሠሪዎቹ ስም ካለፈ በኋላ ያ ሪዛም ሰውዬ ብቅ ይላል። የጎደሉህን እንቁዎች ከእጅ እጅ እየወረወረ እየተጫወተባቸው፣ ከሥሩ «እንደገና ሞክር» ተብሎ ተጽፎ። ሁሉንም ይዘህ ስትጨርስ ብቻ ነው በንዴት እየዘለለ «መጨረሻ» የሚለውን ጽሑፍ የሚረግጠው። ያጎቴ ልጅ አሁን ካናዳ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ባለፈው ስንደዋወል ሰውዬው አሁንም እየተጫወተብኝ እንደሆነ ብነግረው በሳቅ ፈነዳ። «የቱ ነው የጎደለህ?» አለኝ። የመጨረሻዋ ናት አልኩት። «እሷ ላይ ቀኙን ይዘህ ነው አይደል የምትገባው?»

አዎ፣ ይዤ ነው።